የሁለት መቶ አርባ ቆጠራ

በዚያ ቤት፣ መስታወት በሚሠራበት ክፍል ውስጥ፣ ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። የግድግዳ የለ፣ የጠረጴዛ የለ። የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው በሩ ላይ ፈትቶ ኪሱ ይከታል፤ ረስቶ የገባ እንደሆነ ባለቤቲቱ ቃል ሳታወጣ፣ ዓይኗን ብቻ ጣል አድርጋ ታስወጣዋለች። ቆጣሪዋ እሷው ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአፏ እየቆጠረች መስታወት ብር ስታለብስ ኖራለች፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር አጠገቧ ካለ ቆጠራው ይምታታብኛል ትላለች። ደግሞም ሰዓት ለማየት ቀና ማለት ከብሩ ላይ ዓይን ማንሳት ነው፤ ይህ ደግሞ በእሷ ቤት ከስርቆት አይተናነስም።

ሥራው ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። የብር ጨው በባትሪ ውሃ፣ ማለትም ለባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ፣ ይሟሟል። አሞኒያ ጠብ ጠብ ሲደረግበት መጀመሪያ ቡናማ ጭቃ ይሆንና ጀማሪውን ያስደነግጣል፤ ትንሽ ሲጨመርበት መልሶ ኩልል ይላል። ብሩ የትም አልሄደም፤ ከአሞኒያው ጋር ተቃቅፎ ውሃው ውስጥ ተደብቋል። ከዚያ የስኳር ውሃ ይፈስበታል። ስኳሩ ብሩን ከአሞኒያው እቅፍ ፈልቅቆ ያወጣዋል፣ የወጣውም ብር መቀመጫ ሲፈልግ ከሥር የተኛውን ባዶ መስታወት ያገኛል። ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፣ ቡናማ ይሆናል፣ በመጨረሻ እንደ ድፍድፍ ሻይ ይጠቁራል።

ጣጣው ያለው መቼ ይደፋ በሚለው ላይ ነው። ቶሎ ከደፉት ብሩ ስስ ይሆንና ፊትን ሳይሆን ከኋላ ያለውን መስኮት ያሳያል። ከዘገዩ ደግሞ መቀመጫ ያጣው ትርፍ ብር ዝቃጭ ሆኖ በደህናው ላይ ይተኛበትና ጉም ያለብሰዋል። ዓይን አይረዳም፤ በዚያን ጊዜ ፈሳሹ ጠቁሮ ከሥሩ ያለው አይታይም። የሚረዳው ቆጠራ ብቻ ነው።

ቆጠራውም እንደ ውሃው ሙቀት ይለያያል። ለዚህ ባለቤቲቱ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሽፋኑ የተላላጠ ደብተር አላት፤ በአንድ በኩል ዲግሪ፣ በሌላው በኩል ቁጥር። ሃያ አምስት ዲግሪ መቶ ሰባ። ሃያ ዲግሪ ሁለት መቶ አርባ። አስራ አምስት ዲግሪ ሦስት መቶ አርባ። በመካከል ያሉትም አንድ በአንድ ተጽፈዋል። ይህን ሁሉ ያገኘችው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከመቶ በላይ መስታወት አበላሽታ፣ እያለቀሰችም እየተሳደበችም የጻፈችው ነው። አሁን ደብተሩን አትከፍተውም፣ በቃሏ ይዛዋለች።

ሴት ልጇ ኮሌጅ ገብታ ኬሚስትሪ ስትማር፣ ብር ከአሞኒያ ጋር የተቃቀፈበት ነገር ኮምፕሌክስ አዮን እንደሚባል፣ ሙቀት በአስር ዲግሪ ሲጨምር ሥራው እጥፍ ገደማ እንደሚፈጥን ሰማች። ቤት መጥታ ደብተሩን ገልጣ አሰላችው። ልክ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈች ሴት፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን መስመር በተበላሸ መስታወት ደርሳበታለች። ልጅቷ በኩራት ልቧ ሊፈነዳ ደርሶ ለክፍል ጓደኞቿ ብታወራ ማንም ቁም ነገር ብሎ የሰማት የለም።

ይህችን ልጅ ቤተሰቡ «ዲግሪ» ይላታል። ከሁለት ዓመት ዲፕሎማ በላይ ሳትማር በዲግሪ የምትጠራው በአገሩ ውስጥ እሷ ብቻ ናት እያለ የሚያሾፍባት ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ስሙንም ያወጣላት እሱ ነው። ነገሩ የመጣው ከአስራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ነው። ያኔ የእናትየው ዓይን የሙቀት መለኪያውን ቀጫጭን መስመር ማየት እንቢ አላት። መነጽር አድርጊ ቢሏት እንፋሎት ይይዝብኛል ብላ አሻፈረኝ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ማንንም ሳታናግር ከረመችና በአራተኛው ቀን ልጅቷን ጠርታ መለኪያውን አስያዘቻት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ልጅ ታነባለች፣ እናት ትቆጥራለች። «ሃያ» ስትላት ሁለት መቶ አርባ፤ «ሃያ ሁለት» ስትላት ሁለት መቶ ዘጠኝ። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ እናትየው አንድም ቀን «እስቲ ልየው» ብላ አታውቅም።

ዲግሪ አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት በውሃ መሥሪያ ቤቱ ላቦራቶሪ ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ እናቷ ዘንድ ናት። ወንድምየው ከፊት ለፊት ባለው ሱቅ መስታወት ይቆርጣል፣ የመስኮት ፍሬም ይገጥማል፣ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል። ቤቱ በዚህ ሁኔታ ለብዙ ጊዜ ያለ ኮሽታ ሲሄድ ኖሮ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት መስታወት ጉም ለብሶ ወጣ።

የመጀመሪያው ሲበላሽ እናትየው ሳቀች። ሁለተኛው ሲበላሽ አሞኒያ የሸጠላትን ሰው ረገመች። ሦስተኛው ሲበላሽ ጓንቷን አውልቃ ወደ ጓዳ ገባች፣ ወንድምየውም ተከትሏት ገብቶ የሆዱን አወጣው። አንድ ተጨማሪ መስታወት ከተበላሸ ክፍሉን እንደሚዘጋው፣ ከፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣውን እየቆረጡ መሸጥ እንደሚበቃቸው፣ እሷም ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቷት ከአሲድ ጋር መታገሏ ይብቃ አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ደንበኛ ፊት የሚቆመው እሱ ነው። ዲግሪ በሩ ላይ ቆማ የእናቷን ፊት አየች፣ በዚያ ፊት ላይ ያየችውን ፍርሃት ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። ያ ክፍል ከተዘጋ ይህች ሴት ጠዋት ተነስታ ወዴት ነው የምትሄደው?

ስለዚህ ዲግሪ እንደ ላቦራቶሪ ሰው ጥፋቱን ፍለጋ ገባች። ስኳሩን ለወጠች። አሞኒያውን ለወጠች። የባትሪ ውሃውን ከሌላ ቦታ አመጣች። መስታወቱ የሚታጠብበትን ጨርቅ ሳይቀር በአዲስ ተካች። በየጊዜው በመዳፍ ስፋት ባለው ቁራጭ ላይ ይሞከራል፣ በየጊዜውም ጉም። ሁሉ ተፈትሾ ያልተፈተሸ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ እሱን ለመፈተሽ ደግሞ የቤቱን ሕግ መጣስ ያስፈልጋል። የእጅ ሰዓቷን በሹራቧ እጅጌ ሥር ደብቃ ገባች።

እናትየው ሳፋውን ቀስ እያለች እያወዛወዘች፣ እንደ ወትሮዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ቆጠረች። ሁለት መቶ አርባ ስትል ዲግሪ እጅጌዋን ገለጥ አደረገች። አራት ደቂቃ ከአርባ አንድ ሴኮንድ። ሁለት መቶ አርባው ቆጠራ ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ ሴኮንድ ፈጅቷል።

ክው አለች። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ እናቷ ምሳ ስትበላ ብቻዋን ገብታ፣ በዚያው ውሃ፣ በዚያው ስኳር፣ በሰዓት አስልታ ሁለት መቶ አርባ ሴኮንድ ላይ ደፋችው። ቁራጩ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ወጣ። የራሷን ዓይን፣ የራሷን ቅንድብ፣ የደነገጠ ፊቷን አየችበት። ብሩ ሟሙቶ ምልክቱ እንዲጠፋ ቁራጩን ወዲያው አሲድ ውስጥ ነከረችው።

ልብ ብሎ ላየ ሌላም ነበር። እናትየው በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሹራብ ትደርባለች። ፊቷ አበጥ አበጥ ብሏል፤ ወንድምየው «ምቾት ነው» እያለ ያሾፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምራ እስክትጨርሰው ሻይ ይቀዘቅዛል። ግን ሰው እናቱን በየቀኑ ሲያይ ልብ አይልም፤ እርጅና ነው ብሎ ያልፋል። ዲግሪም አለፈችው።

መናገር ነበረባት። በሚቀጥለው ቀን ሦስት ጊዜ ልትናገር አፏን ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። ምን ትበላት? ዓይንሽ እንቢ ሲልሽ ሦስት ቀን አኩርፈሽ ነበር፤ አሁን ደግሞ ቆጠራሽ ጠፋ? ቆጠራዋ ከጠፋ ምን ቀራት? እናቷ አንጀቷን በላቻት። ወንድሟም ከሰማ ክፍሉን ዛሬውኑ ነው የሚቆልፈው።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለች ደብተሩን ገለጠች፣ ሐሳቡም ከዚያው መጣ። በሁለተኛው ረድፍ ሁለት መቶ ሰማንያ አንድን ፈለገች። ለእሱ የሚቀርበው ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ነው፣ ከጎኑም አስራ ስምንት ዲግሪ ተጽፏል። እናቷ ብሩን ካልደረሰችበት፣ ብሩ እናቷን መጠበቅ ይችላል። ውሃው በሁለት ዲግሪ ይቀዝቅዝ፣ እሷም «ሃያ» ትበል። በቃ። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያፍርም።

አንድ ጠርሙስ የባትሪ ውሃ ፍሪጅ ውስጥ አስገባች። በማግስቱ የፀጉር ቤት መስታወት ነበር፣ በሩን የሚያህል። ባዶው መስታወት እንደ ደንቡ ግማሽ ሰዓት በዚያው ውሃ ውስጥ ተኝቶ ሙቀቱ እኩል እንዲሆን ተደረገ። እናትየው ጓንቷን አጠለቀች።

«ስንት ነው?»

«ሃያ» አለች ዲግሪ። መለኪያው አስራ ስምንት ላይ ቆሟል። ጉንጮቿ ሲግሉ ተሰማት፣ እናቷ ግን ቀና ብላ አላየቻትም። ለምን ታያታለች?

መስታወቱ እንከን አልነበረበትም። ወንድምየው ብቅ ብሎ አየው፣ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ፣ ተመልሶ ወጣ። ከሱቁ በኩል የሆነ ዜማ በፉጨት ሲያነሳ ተሰማ። እናትየው ጥፋተኛው ስኳሩ እንደነበር ወሰነች፣ የተረፈውንም የድሮ ስኳር ከነጣሳው ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው። ያን ዕለት እንደ ልጅ ተጫወተች፤ በየንግግሩ መሐል እየዘገየች፣ ግን ተጫወተች። ዲግሪ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ደስ ብሏት እንደነበር በኋላ ስታስታውስ ያሳፍራታል፤ ያም ሆኖ ደስ ብሏት ነበር። ያሰበችው ስሌት እንደታሰበው መጥቷል። እንዲህ ያለ ነገር ከእሷ ሌላ ማን ያስባል ብላም ነበር።

ክፋቱ ስሌቱ እዚያ ላይ አልቆመም። በሁለተኛው ሳምንት ሰዓቱ ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት አሳየ። ውሃው ወደ አስራ ሰባት ወረደ። በሦስተኛው ሦስት መቶ አራት። በአራተኛው ሦስት መቶ አስራ ሰባት፤ ውሃው አስራ ስድስት። በአምስተኛው ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት፤ ውሃው አስራ አምስት። ፍሪጁ ውስጥ የጠርሙሱ ብዛት ከአንድ ወደ አራት ደረሰ፣ ወንድምየውም ማነው የባትሪ ውሃ የሚጠጣው ብሎ ጠየቀ። ዲግሪ ቁጥሩን ሁሉ በላቦራቶሪ ማስታወሻ ደብተሯ ጀርባ ላይ ከነቀኑ መዘገበች። ልማድ ነው፤ የለካችውን ሳትጽፍ መተው አታውቅበትም። በየሳምንቱም «ሃያ» ትላለች፣ በየሳምንቱም መስታወቱ ጠርቶ ይወጣል። ዓይኗን በጨው አጥባ መዋሸት ለመደች። ቁጥሩ የፈሳሹ ሳይሆን የእናቷ መሆኑን እያወቀች፣ የፈሳሽ ቁጥር ይመስል በውሃ ታክመዋለች።

በስድስተኛው ሳምንት የኮከቡ ሰውዬ መጣ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ኮከብ ማያ ሊሠራ አንድ ወፍራም ክብ መስታወት ሁለት ዓመት በእጁ ሲሞርድ ከርሟል። በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ አምጥቶ ለእናትየው ሰጣትና፣ አጠገቧ መቆም እንደማይፈቀድለት ስለሚያውቅ ሱቁ ውስጥ ቁጭ አለ።

«ስንት ነው?»

«ሃያ።» ውሃው አስራ አራት ነበር።

እናትየው መቁጠር ጀመረች። ሃምሳ ደረሰች፣ መቶ ደረሰች። ፈሳሹ ጠቆረ። መቶ ስልሳ ሦስት ብላ ዝም አለች። ዲግሪ ትንፋሽ እየወሰደች መስሏት ጠበቀች። «መቶ ስልሳ ሦስት» አለች እናትየው እንደገና። ሳፋው መወዛወዙን አቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ «መቶ ስልሳ...» ብላ ጀምራ አገጯ ደረቷ ላይ አረፈ። በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሁለት እጇ ሳፋው ላይ እንዳለ፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ዲግሪ አንገቷን ስትነካት ቆዳዋ ያ የባትሪ ውሃ ራሱ ነው፤ ቀዝቃዛ።

«ወንድም ጋሼ!» ብላ ጮኸች። በዚያ ክፍል ቆጠራ ሳያልቅ ሰው ሲጮህ የመጀመሪያው ነበር።

ሐኪም ቤት ያየቻቸው ዶክተር ወጣት ናት፣ ቸኩላ የምትናገር፣ እጇ ግን የማይቸኩል። የእናትየውን የልብ ምት ቆጠረች፤ በደቂቃ አርባ ስድስት። ቆዳዋን ቆንጠጥ፣ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ስትጠይቅ ወንድምየው ዛሬ ነው አለ። ዲግሪ ቦርሳዋን ከፍታ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣችና ጀርባውን ገልጣ ሰጠቻት።

ዶክተሯ ረድፉን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ምንነቱ ሲነገራት ደግማ አነበበች። የአንገት ዕጢዋ ሥራ ሳያቆም አልቀረም አለች፤ የሰውን ገላ ፍጥነት የሚወስነው እሱ ነው፣ እሱ ሲዳከም ልብም፣ ሐሳብም፣ ንግግርም፣ ሙቀትም አብሮ ይዘገያል። ደም ይመረመራል፤ ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ በየጠዋቱ አንድ ትንሽ ክኒን ነው። ግን ጥቂት ቀን ብትቆዩ ኖሮ ይህ እንቅልፍ የማይመለሱበት ይሆን ነበር አለች፣ ቃል ሳታለዝብ። ከዚያ ወደ ዲግሪ ዞረች።

«በሽታ እንዲህ በየሳምንቱ ተለክቶ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ግን አንቺ ይህን ይዘሽ ስድስት ሳምንት ምን ትሠሪ ነበር?»

«ውሃ አቀዘቅዝ ነበር» አለች ዲግሪ።

ኮሪደሩ ላይ ወንድምየው ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልጮኸም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ወለሉ ላይ ተቀመጠና፣ እዘጋዋለሁ ያልኩት ተናድጄ እኮ ነው፣ የምሬን አልነበረም፣ እንዴት የምሬን ይመስላችኋል አለ። ሁለቱም አለቀሱ፤ እሱ በእጁ ጀርባ፣ እሷ በሹራቧ እጅጌ እየጠረጉ።

እናትየው ዓይኗን የገለጠችው በማግስቱ ነው። ሁለቱን ልጆቿን ተራ በተራ አየች፣ ከንፈሯን አራሰች፣ የሚያስፈልጋትን ቃል ለማግኘት ረጅም ጊዜ ወሰደባት። «ፈሳሹን ገደልሽው?» አለች። ይህ የሙያው ነገር ነው፤ የብርና የአሞኒያው ትራፊ ዕለቱን በጨው ውሃ ካልተገደለ አድሮ ይፈነዳል። ዲግሪ ትናንት አመሻሽ ላይ ተመልሳ መግደሏን ነገረቻት። የኮከቡ ሰውዬ መስታወት በጭቃ ተለብጦ ነበር፤ በአሲድ አጥባ እንደነበረ አድርጋ መልሳለታለች። እሱም እናትየው እስክትድን እጠብቃለሁ ብሎ ሄዷል። ሁለት ዓመት የሞረደ ሰው መጠበቅ አይከብደውም።

ከሐኪም ቤት በወጡ በአምስተኛው ቀን ዲግሪ ሁሉን ተናገረች። እናትየው አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ሰማቻት፤ ፍሪጁን፣ ጠርሙሶቹን፣ «ሃያ» የተባለውን አምስት መስታወት፣ ያልተሳካውንም ስድስተኛ። አላቋረጠቻትም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሲያበቃ።

«አሳዘንሽኝ፣ እማዬ።»

እናትየው ማስታወሻ ደብተሩን አምጪ አለቻት። የወንድምየውን አጉሊ መነጽር አስመጥታ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ከሁሉ ቀድማ የጠየቀችው የሙያ ጥያቄ ነበር፤ በአስራ አምስት ዲግሪ ብሩ እንዴት ያዘ አለች። ጥሩ ይዟል፣ እንዲያውም ከሃያው ይበልጥ ጠበቅ ይላል አለች ዲግሪ። እናትየው ራሷን ነቀነቀች፣ ደብተሩን ዘግታ መለሰችላትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሳችም። ስለ ክኒኑ፣ ስለሚጮኸው በር፣ ስለ ወንድምየው የተንጋደደ ፍሬም ታወራለች፤ ስለዚህ ግን ዝም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር አለች ዲግሪ ለወንድሟ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተጠየቀችበት እምነት ነበር፣ በራሷ እጅ አፈሰሰችው፣ ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። ሆድ ብሷት ከረመች።

ክኒኑ ግን ሥራውን ሠራ። የፊቷ እብጠት ጎደለ፣ አንዱ ሹራብ ወለቀ። እናትየው ራሷ ሰዓት ወደ ክፍሉ እንዲገባ አዘዘች፣ ያውም ልጇ እጅ ላይ በግልጽ ታስሮ። ባዶ ሳፋ እያወዛወዘች ሁለት መቶ አርባ ትቆጥራለች፣ ዲግሪ ሴኮንዱን ትነግራታለች። በመጀመሪያው ወር ሦስት መቶ ሁለት ነበር። ቀጥሎ ሁለት መቶ ሰባ። ከዚያ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ አንድ ቀን ሁለት መቶ አርባ አንድ ላይ መጣች። ወንድምየው ከሱቅ ድረስ መጥቶ አጨበጨበ፣ እሷም ሥራ የለህም ብላ አባረረችው።

በማግስቱ የኮከቡ ሰውዬ መስታወት ተራ ደረሰ። ከእሱ በፊት እጅ ማሟሻ እንዲሆን አንድ ቁራጭ መስታወት ውሃ ውስጥ ተኛ። ዲግሪ እንደ ልማዷ ወደ ሙቀት መለኪያው እጇን ስትዘረጋ እናቷ ቀደመቻት። አጉሊ መነጽሩን ከኪሷ አወጣች፣ መለኪያውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገች፣ ጊዜ ወስዳ አየችው።

«ሃያ ነው» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ይሄን እኔ አየዋለሁ። አንቺ ቁጠሪ።»

ዲግሪ በሕይወቷ በዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ቆጥራ አታውቅም። ጓንት ያጠለቀው የእናቷ እጅ ሳፋው ላይ ነው፤ ሰዓቱን ፈትታ ለወንድሟ ሰጥታለች፣ የስኳሩ ውሃ ገባ። አንድ ብላ ጀመረች። ከሠላሳ በኋላ ደስታ ብጤ ተሰማት፤ ቆጠራውን እናቷ ሰጠቻት ማለት ይቅር አለቻት ማለት ነው ብላ አሰበች። ፈሳሹ ቢጫ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ፣ ጠቆረ። እናትየው አንዴ ብቻ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ ወደ ሳፋው አቀረቀረች። ሁለት መቶ አርባ ሲባል ወዲያው ደፋችው፣ አጠበችው፣ ቁራጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ልጇ አቀናችው።

በመስታወቱ ውስጥ የዲግሪ ፊት አልነበረም። መስኮቱ ነበር፤ የመስኮቱ ፍሬም፣ ከፍሬሙም ወዲያ የወንድምየው የእንጨት ክምር። ብሩ እንደ ጭስ ስስ ነው።

«ሁለት መቶ ሁለት ሴኮንድ» አለ ወንድምየው ከበሩ።

«ፈጠንሽ» አለች እናትየው። «ከሠላሳ ጀምሮ ፈጥነሽ ነበር።»

«ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎሽ ስትቆጥሪ አየሁሽ» አለች እናትየው። «አሳዘንሽኝ።»

ወንድሟ የሚያይበትን አጥቶ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እናትየው ቁራጩን ለዲግሪ ዘረጋችላት፤ ዲግሪም ተቀብላ አሲድ ውስጥ ነከረችው፣ ብሩ ሲሟሟ ጠበቀች፣ በባትሪ ውሃ አለቀለቀችውና ለሁለተኛ ጊዜ ሳፋው ውስጥ አስተኛችው።